አዎ፣ ውሃ የለም

ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር አንዲት ሱቅ አለች። ስፋቷ ከአንድ አልጋ ብዙም አይበልጥም። ባለሱቁ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ቀን ይሸጣል፣ ማታ ይማራል። ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ነው። ክፍል ሲገባ የአጎቱ ልጅ ይተካዋል፣ ሲመለስ ደግሞ ራሱ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። እኔን «ጋሼ» ይለኛል። 36 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቅር ይለኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ።

አንድ ማታ እንቁላል ልገዛ ስወርድ አንድ ቻይናዊ ከፊቴ ቆሟል። እኛ አካባቢ መንገድ ከሚሠሩት አንዱ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይቶ ይኖራል። መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየና «ኖ ዋተር?» አለ።

ልጁ «ዬስ» አለው።

ቻይናዊው ራሱን ነቀነቀ። «ኦኬ፣ ኦኬ» ብሎ ባዶ እጁን ሄደ።

እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ውሃ በእርግጥም አልነበረም። ሁለቱም ተግባብተዋል። ግን በእንግሊዝኛ ወግ ልጁ ማለት የነበረበት «ኖ» ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። «አልበላህም?» ብለው ሲጠይቁን፣ ካልበላን «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን። «አዎ» የምንለው ለጠያቂው ነው፤ ልክ ብለሃል እንደማለት። እንግሊዝኛ ግን ለጠያቂው ደንታ የለውም። የሚያየው ነገሩን ብቻ ነው። ከበላህ «ዬስ»፣ ካልበላህ «ኖ»፤ ጥያቄው በፈለገው በኩል ይምጣ። ቻይንኛ በዚህ ነገር ከአማርኛ ጋር ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ቃሉን ከእንግሊዝኛ ተበድረው፣ ሰዋስዉን ከየቤታቸው አምጥተው፣ ሰላም ተለያዩ። አንድ እንግሊዛዊ መሃላቸው ቢቆም ኖሮ ግራ የሚጋባው እሱ ነበር።

የደረቅኩበት ምክንያት ሌላ ነው። ያቺ «ዬስ» እኔን አንድ ሥራ አሳጥታኛለች።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደሞዙ ጥሩ የሆነ ቦታ አመለከትኩና ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ጠያቂው ውጭ አገር ነው፣ በቪዲዮ ነው የምናወራው። እጄ ላይ ያለውን ወረቀት ሳይቀር በልቤ አጥንቼ ነበር። መሃል ላይ የአንድ የሂሳብ ሶፍትዌር ስም ጠራና «ይህን ሶፍትዌር ተጠቅመህ አታውቅም ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ተጠቅሜ አላውቅም። በሙሉ ልብ «ዬስ» አልኩ። ሰውየው ፊቱ በራ። «ግሬት!» አለ። ምኑ ነው ግሬት የሚያሰኘው ብዬ ገረመኝ፤ ደግ ሰው ነው ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ «ፎር ሃው ሎንግ?» አለኝ። እኔ «ኔቨር» አልኩ።

ዝም ተባባልን። መነጽሩን አወለቀ። ውሸታም መስዬው ይሁን ቂል እስካሁን አላውቅም። ሥራውን ያጣሁት በዚህ ብቻ ነው አልልም፣ ሌላም ጉድለት ይኖርብኛል። ግን ከዚያች «ኔቨር» በኋላ የጠየቀኝ ሁሉ ለወጉ ያህል ነበር።

የሚያናድደው፣ ሰዋስው አለማወቄ አይደለም። አውቃለሁ! የቴንሶቹን ስም ከሲምፕል ፕረዘንት ጀምሬ እስከ ፊውቸር ፐርፌክት ኮንቲኒዩስ በአንድ ትንፋሽ እጠራቸዋለሁ። አክቲቩን ፓሲቭ፣ ፓሲቩን አክቲቭ አደርጋለሁ። ባዶ ቦታ ሙላ ከተባልኩ ማንም አይቀድመኝም። ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ እንግሊዝኛ ስማር ኖሬ፣ «ዬስ» እንዴት እንደሚባል የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ፕላዝማ መጣ። የእኔ ዕድሜ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ፈገግ ይላል። እስከ ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ ስንማር ቆይተን፣ በአንድ ክረምት ልዩነት ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም እንግሊዝኛ ሆነ፤ እሱም ከግድግዳ ላይ። ቴሌቪዥኑ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሴኮንድ ይሰጠናል፣ እኛ ጥያቄውን እርስ በርስ እየተጠያየቅን ሳለ መልሱን ራሱ መልሶ ይቀጥላል። አስተማሪያችን ጥግ ይዞ አብሮን ያያል። አቁም አይባል፣ ድገም አይባል። እርሳስ ስቀርጽ ያመለጠኝን የምድር ወገብ እስከዛሬ አላገኘሁትም።

አባቴ ግን ሌላ ነው። እሱ እንግሊዝኛ የተማረው ፒስ ኮር ከሚባሉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ነው። የመጀመሪያዎቹ በ1955 ዓ.ም. መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ተበትነው ነበር። የአባቴ አስተማሪ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አማርኛው ስብርብር ያለ ነበር ይላል። ስለዚህ ልጆቹ ክፍል ውስጥም፣ ኳስ ሜዳም፣ ቤቱ ድረስ ሄደውም በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት። አባቴ የአንድ ቴንስ ስም አይነግርህም። ከፈረንጅ ጋር ግን ሻይ ይዞ ሲጫወት ያመሻል። «ኖ» ማለት ባለበት ቦታ «ዬስ» ሲል ሰውየው እየሳቀ አርሞታል፣ አለቀ።

ያን ማታ ይህን ሁሉ ለባለሱቁ ነገርኩት። ስለ ቃለ መጠይቁ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አደረገና «ጋሼ፣ ታዲያ እኔ እንዴት ልበል?» አለኝ። ጀመርን።

ስምምነታችን ቀላል ነው። በየማታው አምስት ዓረፍተ ነገር። ከመጽሐፍ አይወሰድም፤ ያን ቀን ሱቁ ውስጥ የሆነ ነገር መሆን አለበት። መጀመሪያ በአፉ ይለዋል፣ ከዚያ እገለባብጥበታለሁ፦ ትናንት ቢሆንስ? ባይሆንስ? እሷ ብትሆንስ? በመጨረሻ የዱቤ ደብተሩን ገልብጦ ከጀርባ በኩል ይጽፈዋል። ከፊት የሰፈሩ ዕዳ፣ ከኋላ እንግሊዝኛ።

የመጀመሪያው ማታ «ዳቦ አለ» ነበር። ልጁ «ብሬድ ኢዝ» አለና ቆመ። የሆነ ነገር እንደጎደለው ገብቶታል፣ ምን እንደሆነ ነው ያጣው። አልፈረድኩበትም። «አለ» ብዙ ሸክም የሚሸከም ቃል ነው። ዳቦ አለ። ልጁ እቤት አለ። ወንድም አለው። እንግሊዝኛ እነዚህን በሦስት በር ነው የሚያስወጣቸው፦ «ዜር ኢዝ ብሬድ»፣ «ሂ ኢዝ አት ሆም»፣ «ሂ ሃዝ ኤ ብራዘር»። በተለይ ሦስተኛው ያስቸግራል። «ብር አለኝ» ስንል፣ ያለው ብሩ ነው፤ እኔ ዳር ቆሜያለሁ። እንግሊዝኛ ግን እኔን ፊት አቁሞ ብሩን እጄ ላይ ያስይዘኛል። (የወር መጨረሻ ላይ ሳየው የአማርኛው ይበልጥ እውነት ይመስለኛል።)

አንድ ሳምንት ሙሉ እዚህች ቃል ላይ ቆየን። አላስቸኮልኩትም፤ ሱቅ ማለት «አለ?» ማለት ነው። ስኳር አለ? ሳሙና አለ? ካርድ አለ? ልጁ ዕቃውን እያወረደ በሆዱ «ዜር ኢዝ፣ ዜር ኢዝ ኖ» ይላል። በቀን ሃምሳ ጊዜ። ከሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቁመውኝ «ይሄ ልጅ ደህና ነው? ብቻውን ያወራል» አሉኝ።

ቀጥሎ ቁጥር መጣ። «ቴን ኤግ» ይላል። በአማርኛ «አሥር እንቁላል ስጠኝ» ነው የሚባለው፤ «አሥር እንቁላሎች» የሚል ገዢ ቢመጣ ዞር ብለን እናየዋለን። አሥር ካልክ ብዙ መሆኑን ተናግረሃል። እንግሊዝኛ ግን አሥር ብለህም አያምንህም፣ ጅራቷ ላይ ኤስ ትጨምራለህ። ይህን ሲይዝ ደግሞ ለሁሉም ያድል ጀመር። «ስሪ ብሬድስ»፣ «ቱ ሹገርስ»። እንግሊዞች ዳቦን አይቆጥሩም ስለው አይኑን አፈጠጠ።

«ዳቦ የማይቆጥር ባለሱቅ ይከስራል፣ ጋሼ!»

ትንሽ አሰበና መደርደሪያውን ዞር ብሎ አየ። «በሚዛን የሚሸጠው አይቆጠርም፣ በፍሬ የሚሸጠው ይቆጠራል ማለት ነው?» አለኝ። ስኳር፣ ሩዝ፣ ዱቄት፣ ጨው፤ ሚዛን። እንቁላል፣ ሻማ፣ ክብሪት፤ ፍሬ። የትኛውም አስተማሪዬ እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝም። ደስ አለኝ። ደስታው ግን እስከ ሽንኩርት ድረስ ነው የቆየው። ሽንኩርትና ቲማቲም በኪሎ ይሸጣሉ፣ እንግሊዝኛ ግን ይቆጥራቸዋል። ዳቦ በፍሬ ይሸጣል፣ አይቆጠርም። ሦስት ዓመፀኞች ብለን ለብቻቸው ጻፍናቸው። አራተኛው ገንዘብ ነው። ብር ይቆጠራል፣ «መኒ» አይቆጠርም። በሂሳብ ሥራ ለሚያድር ሰው ይህ ስድብ ነው።

«ዘ» እና «ኤ» ላይ ብዙ አልቆየንም። «ዘ» ማለት የእኛዋ «ዳቦው» ላይ ያለችው «ው» ነች፣ እነሱ ከፊት አስቀመጧት፣ እኛ ከኋላ አልኩት። ሁልጊዜ አይሠራም። ለሱቅ ግን ይበቃል። «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት» ደግሞ ሦስቱም «በ» ውስጥ ስለሚገቡብን እስከ ዛሬ እንሳሳታለን፤ እኔም ጭምር።

«ዲድ» ግን ጥሩ ማታ ነበራት። «አይ ዲድ ኖት ዌንት» ይላል። መቼም ይህን ያላለ ኢትዮጵያዊ የለም። ለምን እንደምንል የገባኝ ለእሱ ሳስረዳ ነው። «አልሄድኩም» ን ፈትተህ እየው። «አል» ን ከፊት፣ «ም» ን ከኋላ ብታነሳ መሃል ላይ የሚቀረው «ሄድኩ» ነው። ኃላፊ ጊዜው አልተነካም። ስለዚህ «አል» እና «ም» ን በ«ዲድ ኖት» እንተካና «ሄድኩ» ን በ«ዌንት»። እንደ አማርኛ ልክ ነን! እንግሊዝኛ ግን ኃላፊነቱን «ዲድ» ላይ ጭኖ ጨርሷል።

«አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ አይመዘገብም» አልኩት፣ በራሴ ሙያ።

እሱ በራሱ መንገድ ወሰደው። «እንደ ታክሲ ነው በለኛ። ዲድ ከፍሏል፣ ጎ በነፃ ይሄዳል።»

ከዚያ ወዲህ ሲሳሳት «ስንቴ ነው የምትከፍለው?» ነው የምለው።

ጊዜ ራሱ ትልቅ ጣጣ ነው። ልጁ ዝርዝር ሊያመጣ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሲሮጥ «መጣሁ!» ይላል። ሁላችንም እንላለን። ገና እየሄድን። አንድ ቀን ያው ቻይናዊ መጥቶ ባለሁለት መቶ ብር ሰጠው። ልጁ ብሩን ይዞ «አይ ኬም!» ብሎ በሩጫ ወጣ። ሰውየው ግራና ቀኝ አየ፣ እኔን አየ። ማን መጣ ነው የሚለው ፊቱ። ብሩስ የት ሄደ?

«አልገባኝም» ም እንዲሁ ናት። መልኳ ያለፈ ነው፣ ሐሳቧ ያሁን። በእንግሊዝኛ ስንለውጣት «አይ ዲድ ኖት አንደርስታንድ» እንላለን፤ ሰሚው ድሮ አልገባህም ነበር፣ አሁን ገብቶሃል ብሎ ወሬውን ይቀጥላል። ርቦኛል፣ ደክሞኛል፣ ጠምቶኛል፤ ሁሉም የሆነና ያበቃ ነገር ይመስላሉ፣ ሆዳችን ግን አሁን ነው የሚጮኸው። እነሱ «አይ አም ሃንግሪ» ብለው ያሁኑን ይናገራሉ። እኔና ልጁ ያገኘነው ዘዴ አንድ ጥያቄ ነው። ግሱን ከመንካትህ በፊት «አሁን ነው ወይስ አልፏል?» በል። የአማርኛውን ቅርጽ አትይ፣ ሆድህን ጠይቅ። (ሰዓት አቆጣጠሩን አልነካሁትም። ከፈረንጅ ጋር በሁለት ሰዓት ተቀጣጥሮ ስድስት ሰዓት የቀደመ ወይም የዘገየ ሰው ያውቀዋል።)

የሦስተኛ መደቧን ኤስ ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ ገፋኋት። ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው ቀን «ሺ ጎዝ» እያለ አስጨንቆናል። «ሺ ጎ» ብትል ግን የማይገባው ሰው የለም። ሥራ አታሳጣም፣ ብር ይዞ የጠፋ ሌባ አታስመስልም። ስህተት ሁሉ እኩል አይደለም። አንዳንዱ ነጥብ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ሐሳብህን ይገለብጣል። እኛ ዕድሜያችንን የፈጀነው ነጥብ የሚቀንሰው ላይ ነው። አስተማሪዎቹን አልወቅስም፤ ፈተናው የሚጠይቀው እሱን ነው። ግን ከማን ጋር እንደምናወራ ቢያስቡልን ኖሮ «አዎ» እና «አይ» አንደኛ ምዕራፍ ይሆኑ ነበር።

የሆነው ሆኖ ልጁ ፈተና አለበት፣ ኤስም ትፈለጋለች። ግሱን በየሰው ዘረዘርንለት። እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳል፣ ትሄዳለች፣ እንሄዳለን፣ ትሄዳላችሁ፣ ይሄዳሉ። ስምንት። እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ጻፍነው፦ ጎ፣ ጎ፣ ጎ፣ ጎዝ፣ ጎዝ፣ ጎ፣ ጎ፣ ጎ። ልጁ ደብተሩን ገፋ አደረገና «ይሄን ነው እንዴ የከበደን?» አለ። ትንሽ አፈርን። ስምንቱን ሳናስብ የምንጠራ ሰዎች አንዷን ኤስ እንረሳለን። የምንረሳት ግን ለዚህ ይመስለኛል፤ በአማርኛ ማን እንደሄደ የሚናገረው ግሱ ነው፣ እዚያ «ሺ» ከፊት ቆማ ከተናገረች በኋላ ኤስ ምን ትሠራለች? እንግሊዝኛም ድሮ እንደ እኛ በየሰው ይዘረዝር ነበር፣ ረግፎበት የቀረችው እሷ ነች። የድሮ ቤት ምሰሶ በላት።

«ዩ» ም አስቸግራው ነበር፣ በሌላ ምክንያት። «ለእትዬም ዩ ነው የምላቸው? ለአንተም? ለሕፃንም?» አለኝ። አዎ ስለው ደስ አላለውም። ለእትዬ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚለማመዳት።

ኤስን ያስያዘችው የዱቤ ደብተሯ ናት። ለልምምድ ብሎ የፊተኛውን ገጽ በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመረ። ስም ጽፎ «ኦውዝ»፣ ከዚያ የብሩን መጠን። ዕዳው ሁሉ የሌላ ሰው ስለሆነ ኤስ አትቀርም። እሱ ራሱ ለአከፋፋዩ ያለበት ብቻ ነው «አይ ኦው» የሚለው፣ እሷ ለብቻዋ በአንድ ገጽ ተቀምጣለች። የማይከፍሉት ላይ ግን ተደናቀፈ። «ሺ ዳዝ ኖት ፔይዝ» ብሎ ጽፎ አሳየኝ። ምንም አላልኩም፣ በጣቴ ሁለት አሳየሁት። ሁለት ጊዜ ከፍለሃል። «ኤሷንም ዳዝ ከፍላለች?» አለ። «ኤሷንም» አልኩት። ሰረዘ።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመጣ እንቁላልና ዳቦ አነሳሁ። 240 ብር። ኪሴን ብዳብስ ባዶ ነው፣ ስልኬም ባትሪ ጨርሶ ሞቷል። ልጁ ከመደርደሪያው ማዶ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና በቀስታ፣ ቃል በቃል እየመረጠ፣ «ዩ ዶንት ሃቭ መኒ?» አለኝ።

«ኖ» አልኩት።

እጁን ሊዘረጋ ነበር። መሃል ላይ ቆመ። አሰበ። ከዚያ እጁን ሰብስቦ ከሚዛኑ ሥር ደብተሩን አወጣ፣ በፊተኛው ገጽ ከፈተና ጻፈ። ሲጨርስ አዙሮ አሳየኝ። ጋሼ፣ ኦውዝ፣ 240 ብር። ከሥሩ ደግሞ ሂ ዳዝ ኖት ሃቭ መኒ።

ኤሷን ፈለግኳት። ቦታዋ ላይ ነች።